የሴሻጊሪ ተራ

ደረሰ! ጆሮዬን አላመንኩም፣ ሁለቴ አስደገምኳቸው። አሥራ አራት ዓመት የተጠበቀው ግሪን ካርድ ዛሬ ጠዋት ፖስታ ሳጥን ውስጥ፣ ከፒዛ ማስታወቂያ ጋር ተጣብቆ ተገኘ! ደስታው የጎረቤቶቼ የሴሻጊሪና የባለቤቱ የቫሱንዳራ ነው። እኔ ግን የራሴ አድርጌው በቤት ጫማ ሮጬ ሄድኩ። አሁን ደግሞ ሳልጽፈው አላርፍም።

እዚህ ቴክሳስ፣ አርቪንግ ውስጥ ሴሻጊሪን የማያውቅ እንደኛ ቴሉጉ ተናጋሪ የሆነ ህንዳዊ የለም። መንግሥት በየወሩ የማን የግሪን ካርድ ተራ እንደደረሰ የሚገልጸውን የቀን ሰሌዳ ሲያወጣ፣ በዚያ ሳምንት ቅዳሜ ወንዶቹ በሂንዱ ቤተ መቅደሳችን መኪና ማቆሚያ ተሰብስበው አንዱ ከስልኩ ያነብላቸዋል። የእኛ የህንዶች ሰልፍ አንዳንድ ወር በአንድ ሳምንት ብቻ ይራመዳል፣ አንዳንድ ወር ጭራሽ ወደ ኋላ ይሄዳል። ሴሻጊሪ ዳር ቆሞ "ሠርጌን እንኳ እንዲህ አልጠበቅሁም" እያለ ያስቃቸው ነበር።

ተራውን ያስያዘው የፕራታፕ ኩባንያ ነው። ፕራታፕ የአገራችን ልጅ ነው፤ የኮምፒውተር ባለሙያዎችን እየቀጠረ ለሌሎች ድርጅቶች ያከራያል። ሴሻጊሪን ሰኞ ሌላ ክፍለ ግዛት ወዳለችው ኦማሃ ይልከዋል፣ ሐሙስ ማታ ይመልሰዋል። አሥር ዓመት እንዲህ ኖረ። አንድያ ልጁ ሳሂቲ አባት የነበራት ከዓርብ እስከ እሑድ ነው።

"ለምን አትለቅም?" ያልኩት እኔ ነኝ።

"አንቺ ደግሞ! ከለቀቅሁ እኮ የሰልፉ ጭራ ላይ ነው የምገባው።"

"ወንድም ጋሼ፣ የመጀመሪያው ማመልከቻህ ከጸደቀ ቆየ። ተራ የያዝክበት ቀን የራስህ ነው፤ የትም ብትሄድ ይከተልሃል።"

ጠበቃ ጠየቀ፤ እውነት ሆኖ ተገኘ። እዚሁ አጠገባችን ዳላስ ያለ አንድ ሆስፒታል ኮምፒውተር ክፍል ገባ። የመጀመሪያዎቹን ሰባት ሳምንታት ያለ ሐሳብ ቤቱ አደረ። ጠዋት ጠዋት ሳሂቲ ወደ ዩኒቨርሲቲ ከመሄዷ በፊት የማሾ ቂጣ ይጋግርላታል።

"አባዬ፣ ይሄ ቂጣ ነው ጎማ?"

"ብዪ! ጎማም ቢሆን ሩቅ ያደርስሻል።"

በስምንተኛው ሳምንት የቀን ሰሌዳው በአንዴ ዓመታት ዘለለ። የሴሻጊሪ ቀን ተነበበ! መኪና ማቆሚያው በጩኸት ተናወጠ። ሳሂቲ ያኔ ሃያ ዓመቷ ነበር። ሃያ አንድ ሳይሞላት የመጨረሻው ማመልከቻ ከገባ ከወላጆቿ ጋር ካርዱን ታገኛለች፤ ካለፋት ግን ከቤተሰቡ መዝገብ ትወጣለች።

ማመልከቻው ታዲያ "ይህን ሰው እቀጥረዋለሁ" ብሎ የሚፈርም ቀጣሪ ይፈልጋል። ሆስፒታሉ የራሱን ሂደት ገና አልጀመረም፤ ማስታወቂያ ማውጣት፣ አመልካች ማወዳደር፣ ዓመት የሚፈጅ ነገር ነው። ቀኑ ተከትሎታል፣ ወረቀቱ ግን አልተከተለውም። ይህን እሱም አልጠየቀ፣ እኔም አላሰብኩት። የቀረው ፕራታፕ ብቻ ነበር። ሄዶ ለመነው።

"መልሰህ ቅጠረኝ። ኦማሃም ቢሆን እሄዳለሁ።"

"ሆስፒታል አይደል የገባኸው? እነሱ ያክሙህ!"

"ፕራታፕ፣ ለልጄ ነው።"

"ደንበኛዬ ሰው አጣሁ ብሎ ሲጮህብኝ ልጅህ የት ነበረች? ቦታህን ለሌላ ሰጥቻለሁ። የሌለ ሥራ አለ ብዬ ለመንግሥት አልፈርምም።"

ሴሻጊሪ ይህን ሲነግረኝ አልተቆጣም። "እውነቱን እኮ ነው" አለኝ፣ ጫማውን እያየ።

በሦስተኛው ወር ሰሌዳው ወደ ኋላ ተመለሰ። ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ሳሂቲ ሃያ አንድ ሞላት። ቫሱንዳራ ኬክ ገዝታለች፤ ሻማውን የሚለኩስ ግን ጠፋ። ልጅቷ ራሷ ለኮሰችው፣ ራሷ አጠፋችው። ትምህርቷን በተማሪ ቪዛ ጨረሰች። መንግሥት በዕጣ የሚሰጠው የሥራ ፈቃድ ሳይወጣላት ሲቀር ካናዳ፣ ቶሮንቶ ሄደች። ይቅርታ ልጠይቀው አፌን በከፈትኩ ቁጥር ሴሻጊሪ "ሰባቱን ሳምንት ታዲያ ማን ይሰጠኝ ነበር?" ይለኛል። ከዚያ ወደ ጓሮ ይወጣል።

ሆስፒታሉ ሂደቱን ጨረሰ፣ ተራውም እንደገና ደረሰ፣ ካርዱም ይኸው መጣ። ቫሱንዳራ እንደ ወጋችን ቀይ ዱቄት ቀብታ በቤታቸው አማልክት ፊት አኑራዋለች። ሁለት ካርድ። ሴሻጊሪ ስልኩን ያነሳል፣ መልሶ ያስቀምጣል።

"ለሳሂቲ ነገርካት?" አልኩት።

"ምን ብዬ? 'እኛ ገባን' ልበላት?"

"ደስ ይላታል እኮ!"

"ደስ እንደሚላት አውቃለሁ። የከበደኝ እሱ ነው።" ስልኩን ገፋ አደረገው። "አንቺ ንገሪያት፣ እህቴ። እኔ ከጀመርኩ አልጨርሰውም።"

እሺ ብዬ ወጣሁ። ቶሮንቶ አሁን ምሳ ሰዓት ነው፤ ወደ ሥራዋ ሳትመለስ ልድረስባት። ኋላ ከሌላ ሰው ብትሰማ አይሆንም። መነጽሬን የት ጣልኩት? ኧረ ልደውል!