የእህቴ ልጅ ድምፅ

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ቴፕ፣ ሬዲዮና ድምፅ ማጉያ እየጠገንኩ ነው የምኖረው። ታላቅ እህቴ ከጉንደ ወይን ስትመጣ ሁልጊዜ ቅቤ ወይ ሽሮ ትይዝልኝ ነበር። የዚያን ቀን ግን በነጠላዋ የጠቀለለችውን ስልክና አንድ ስፒከር ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች። አንድ ልጇ በሄደበት አገር ከቀን ሥራ ወደ ማደሪያው ሲመለስ የተሳፈረበት መኪና ተገልብጦ ከሞተ ገና ብዙም አልቆየም።

"ከመሞቱ በፊት በድምፅ የላከልኝ መልእክት አለ" አለች። "የጎረቤት ልጆች በዚህ ሊያሰሙኝ ሞከሩ። ምንም አልሰማሁም።"

ጆሮዋ ከደከመ ቆይቷል። ከስልኩ ብቻ መስማት ካቃታት ሰነባብታለች።

ልጆቹ ስፒከሩን በቀጥታ ከስልኩ የማዳመጫ ቀዳዳ ጋር አገናኝተውታል። ያ ቀዳዳ ጆሮ ውስጥ ለምትገባ ትንሽ ማዳመጫ የተሠራ ነው። ስፒከሩ ግን አራት ኦም ነው፤ ኦሙ ሲያንስ የሚስበው ኩረንት ይበዛል፣ ስልኩ ደግሞ ያን ያህል መስጠት አይችልም። ስለዚህ ጉልበቱ ስልኩ ውስጥ ይቀርና የሚወጣው ሹክሹክታ ብቻ ይሆናል።

"ተበላሽቷል?" አለች አፍ አፌን እያየች።

"አልተበላሸም፣ እትዬ! አቅማቸው ስላልተመጣጠነ ነው!" አልኳት ጮክ ብዬ።

አራት ኦም የሚችል፣ ድምፁን የሚያጎለብት አምፕሊፋየር ፈልጌ በስልኩና በስፒከሩ መሀል አስገባሁና መልእክቱን ከፈትኩት።

"እማዬ" አለ ልጁ። ድምፁ ቤቱን ሞላው። እዚያው አጠገቤ የቆመ መሰለኝና እንባዬ መጣ።

እህቴ አሁንም እኔን እያየች ነው። "ከፈትከው?" አለች።

መጨረሻው ድረስ ከፍ አደረግሁት። መንገደኞች በር ላይ ቆሙ። እሷ መዳፏን ስፒከሩ ላይ አሳረፈች።

"ይነዝራል" አለች። "ምን እያለ ነው?"

ጆሮዋ ሥር ተጠግቼ እሱ ያለውን አንድ በአንድ ነገርኳት። "እማዬ፣ ደህና ነኝ። ብርዱ አይሎብኛል፤ ጋቢውን ግን እንዳትልኪልኝ፣ አንቺው ልበሺው። ለፋሲካ እመጣለሁ።"

"ለፋሲካ አለ?"

"አዎ።"

ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች። ከዚያም "ድገምልኝ" አለችኝ።

አሁንም ለገበያ በመጣች ቁጥር ሱቄ ትገባለች። እከፍትላታለሁ፤ እጇን ታሳርፋለች፤ እኔም ጆሮዋ ሥር ቃሉን አብሬው እላለሁ። አንዳንዴ ክንዴን ትይዝና "ቀስ በል እንጂ" ትለኛለች፤ "እሱ እንዲህ ተጣድፎ አያወራም።"