ከድረ ገጹ የጠፋው ሪፖርት

የመመረቂያ ጽሑፌን የማቀርበው በማግስቱ ነበር። ደሴ፣ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ፣ አማካሪዬ ቢሯቸው አስጠሩኝና ላፕቶፓቸውን ወደ እኔ አዞሩት። ስለ ኮምቦልቻ የመጠጥ ውሃ ሥርጭት የጠቀስኩትን የመንግሥት ሪፖርት ሊንክ ሲጫኑት ባዶ ገጽ መጣ።

«የታለ ይሄ ሪፖርት?»

«ነበረ መምህር፤ ወላሂ ከዚሁ ነው ያነበብኩት።»

«ለእኔ አትማዪልኝ። ነገ ፈታኙ ይፈልገዋል። ካጣው ፈጥራ ጻፈች ነው የሚለው።»

አንድ ምዕራፍ በሙሉ የቆመው በዚያ ሪፖርት ላይ ነው። ያስቀመጥኩት ቅጂ ከተበላሸው ስልኬ ጋር ሄዷል። ሌላ ቅጂ ካዘጋጁት ሰዎች ለማግኘት ወደ መናኸሪያ ሮጥኩ። ሚኒባሱ ወደ ኮምቦልቻ የሚወስደውን የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ሲወርድ «ፈጥራ ጻፈች» የሚለው ቃል ጆሮዬ ላይ ይጮሃል።

ኮምቦልቻ፣ ሪፖርቱን ያዘጋጀው መሥሪያ ቤት ደርሼ ሪፖርቱን ስጠይቀው ባለሙያው ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም።

«እሱ ከድረ ገጹ ተነሥቷል። አዲሱን ጥቀሺ» ብሎ ሌላ ጥራዝ ሰጠኝ።

ቆሜ አነበብኩት። የድሮው፣ ዳር ያሉ ሰፈሮች ውሃ አያገኙም ይል ነበር፤ አዲሱ በቂ ያገኛሉ ይላል። የጻፍኩት ሁሉ ገደል ገባ አልኩ በልቤ። ገጾቹን ሳገላብጥ ግን ልኬታው የተወሰደበትን ወር አየሁ። ክረምት ነው።

«የድሮውስ መቼ ነበር የተለካው?»

ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አየኝ። «በጋ» አለኝ።

የድሮውን ቅጂ ለመስጠት ኃላፊዋ መፍቀድ አለባቸው ስላለኝ በራቸው ላይ ጠበቅኩ። ሴትዮዋ ከእግር እስከ ራስ አዩኝ።

«ለጋዜጣ ነው?»

«ለመመረቂያዬ ነው። ሁለቱንም እጠቅሳለሁ፤ የድሮው መነሣቱንም እጽፋለሁ።»

ወደ ሠራተኞቻቸው ዞረው፣ «ማኅተም አድርጋችሁ ስጧት» አሉ።

ሌሊቱን ምዕራፉን ሳስተካክል አድሬ በማግስቱ ሳቀርብ፣ ፈታኙ ገና ሳልጨርስ አቋረጠኝ።

«የሚጣረሱ ሁለት ሪፖርቶች ጠቅሰሻል። አንዱ ደግሞ ተነሥቷል። ለምን አላወጣሽውም?»

አማካሪዬ አንገታቸውን ደፉ።

«አይጣረሱም መምህር። አንዱ የበጋ ነው፣ አንዱ የክረምት። ሰዎቹ ውሃ የሚጠጡት ዓመቱን ሙሉ ነው።»

«መነሣቱን ጽፈሻል?»

«ግርጌ ማስታወሻው ላይ አለ።»

በጣቱ እየተከተለ አነበበው፤ ከዚያም ቅጂውን ተቀብሎ ማኅተሙን አየ። 

«ቀጥዪ» አለኝ።

ስጨርስ ኮሪደሩ ላይ ወጥቼ ውጤቴን ለመጠበቅ ተቀመጥኩ። ብዙም ሳይቆይ አማካሪዬ ወጡ።

«አልፈሻል» አሉኝ። «ትናንት ስልክሽም አይሠራ፣ የት ገባች ብዬ ስጨነቅ ዋልኩ።»

ያን ጊዜ ነው እንባዬ የመጣው።