ኩራተኛው ውሃ

ልጅ ሳለሁ፣ በደርግ ዘመን፣ ከደባርቅ በላይ ባለው ውርጫም መንደራችን ምሽት ምሽት ተረት የሚያወራልን የአባቴ ታላቅ ወንድም አያ ታረቀኝ ነበር። ያኔ ፍሙን በእንጨት እየጫረ፣ ጭሱ ዓይኑን እያስለቀሰው፣ ለእኔና ለእህቶቼ ከሁሉ አብልጦ የሚያወራው የውሃን ኩራት ነበር። «ብርድ ሲመጣ ፍጥረት ሁሉ ይኮማተራል፤ ዶሮ ክንፏን ትሰበስባለች፣ ሰው ጉልበቱን ያቅፋል። ውሃ ግን ኩራተኛ ነው፤ ደረቱን ይነፋል። ቤት ከጠበበው ቤቱን ይሰብራል።» ስለዚህም በታኅሣሥ ውጭ የሚያድር እንስራ እስከ አንገቱ አይሞላም ነበር፤ ሞልታ የምታሳድር ሙሽራ «ይቺ የቆላ ልጅ!» እየተባለች ይሳቅባታል።

አንድ ምሽት የመሠረተ ትምህርቱን ዘመቻ ሊጎበኝ በማኪና የመጣ ካድሬ እኛ ቤት አደረ። ስሙን ረስቼዋለሁ፤ ባስታውሰውም አልጠራው። ሁለት መጽሐፍ አንብቦ ሦስተኛውን ራሱ የጻፈው የሚመስለው ዓይነት ሰው ነበር። ተረቱን ሰምቶ ከት ብሎ ሳቀ።

«ማንኛውም ነገር ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፣ ሽማግሌው። ሳይንስ ነው!»

«ይሁን ልጄ» አለ አያ ታረቀኝ፤ «ግን የማኪናህን ውሃ አፍስሰህ ብታድር ሸጋ ነው። የዛሬው ብርድ ክፉ ነው።»

አላፈሰሰም። ለአድኃሪ ተረት ማን ይታዘዛል!

ጠዋት የማኪናው ራዲያተር ተሰንጥቆ ተገኘ። ያ ሳይንስ የሞላው ጭንቅላት ያኔ ምን አለ መሰላችሁ? «አንተ ካልሰበርኸው እንደሚሰበር አስቀድመህ በምን አወቅህ? አሻጥረኛ!» ወይ ጉድ! ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ። ለቀበሌያችን ሚሊሺያዎች አዝዞ የአጎቴን እጆች የኋሊት አሳሰረ። እናቴ ካድሬው እግር ሥር ወደቀች። እኔ ግን በማኪናው መስኮት አጮልቄ የካድሬውን የራሱን የውሃ ጠርሙስ መቀመጫው ላይ አየሁት። ማታ እስከ አፉ ሞልቶ፣ ከድኖ የተወው ነው። ጠርሙሱ ፍርክስክስ ብሏል፤ በረዶው ቅርጹን ይዞ ቆሟል።

«እዩት! እዩት!» ብዬ ጮኽሁ።

«ይህንንስ ማን ሰበረው?» አለ አያ ታረቀኝ። «ቁልፉ ካንተ ኪስ ነው።»

ካድሬው በሩን ከፍቶ አየ። ከዚያ በረዶውን መሬት ላይ ጥሎ በጫማው ረገጠው። ስህተቱን ከማመን ንጹሕ ሰው ማሰር ቀለለው፤ ማኪናው ስለማይነዳም አጎቴን በእግሩ እያስነዳ ወደ ደባርቅ ወረደ።

አያ ታረቀኝ ከወራት በኋላ ተፈታ። በመጣበት ምሽት እኔና እህቶቼ እሳቱን ከበን ተረት ጠበቅን። ፍሙን ጫረ። «እስር ቤቱ ጠባብ ነበር» አለ፤ «እኔ ግን ውሃ አልሆንሁም ልጆቼ። ተኮማትሬ መጣሁ።» ከዚያ ወዲያ እስኪሞት ድረስ ተረት አላወራልንም።

ኋላ ትምህርት ቤት ስገባ፣ የሳይንሱ መጽሐፍ ራሱ ውሃ በረዶ ሲሆን እንደሚሰፋ ጽፎ አገኘሁት። ካድሬው እሱኑም በቅጡ አላነበበው! ዛሬ የምኖረው ጎንደር ከተማ ነው፤ እዚህ ውርጭ እንስራ አይሰብርም። እኔ ግን አሁንም ታኅሣሥ ሲገባ ባልዲዬን ሞልቼ አላሳድርም፤ ባጎደልሁ ቁጥርም ያንን ሰው እንደ አዲስ እንቀዋለሁ።