ሥጋ የማይቀምሰው የሥጋ ቤት ውሻ

ባሏ ሲሞት ወንድሞቹ ሥጋ ቤቱን ሊዘጉት መጡ። አጥንት ከምትፈልጥ ሴት ማን ሥጋ ይገዛል ብለው ነው። እሷ የሟቹን ሽርጥ ከመስቀያው አውርዳ ወገቧ ላይ አጥፋ አሰረችና፣ «ሽርጡ ረዘመብኝ እንጂ ቢላው አልከበደኝም» አለቻቸው። ከዚያን ቀን ወዲህ ስሟ ቀርቶ እትዬ ቢላ ሆነች። ሰፈሩ ምላሷን ይፈራል፤ ሥጋዋን ግን ይወዳል።

ከባሏ የቀራት ሌላው ንብረት ውሻው ነው። ሟቹ በኮት ኪሱ ይዞት የገባ ቡችላ ነበር፤ ያን ሁሉ ሥጋ እየበላም ከስቶና ቀጭጮ ቀረ። በልቶ ትንሽ ሲቆይ ይንገዳገዳል፣ ለሃጩ ይዝረበረባል፣ ግንባሩን ግድግዳ ላይ ተክሎ ይቆማል። የሰፈሩ ሰው «ሰካራሙ» አለው። እትዬ ቢላ ግን አቅም አጥቶ ይመስላታል። ሲንገዳገድ ቀይ ሥጋ፣ ሲወድቅ ጉበት ታቀርብለታለች። «የሥጋ ሻጭ ውሻ በረሃብ ሞተ ከሚባል ሱቄን ብዘጋ ይሻለኛል» ትላለች።

አንድ ቀን ሰካራሙ እንደ ታወረ ሆኖ ሄዶ ከአከራይዋ የልጅ ልጅ እግር ጋር ተጋጨ። አልነከሳትም፤ ልጅቷ ግን በድንጋጤ ጮኸች። አከራዩ በጠዋቱ ሱቅ ድረስ መጡ።

«ይህ ውሻ አብዷል። ወሩ ሳያልቅ ወይ እሱ ይወገዳል፣ ወይ አንቺ ሱቁን ትለቂያለሽ።»

«ጋሼ፣ እሱን የሚነካ መጀመሪያ እኔን ይንካ» አለች።

አፏ እንዲህ ይበል እንጂ ሆዷ ፈርቶ ነበር። በማግስቱ ሽርጧን እንኳ ሳትፈታ ውሻውን ታቅፋ የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ሄደች።

ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። የውሻውን ሆድ ላጭታ በአልትራሳውንድ እያየች፣ ምን እንደሚበላ ጠየቀቻት።

«የኔ ልጅ፣ አንቺ እንኳ የማታገኚውን ነው የሚበላው!» አለች እትዬ ቢላ ኮራ ብላ። «ጉበት በለው፣ ቀይ ሥጋ በለው!»

ሐኪሟ እጇን ከመሣሪያው ላይ አነሳች። «እትዬ፣ ከአንጀት የሚመጣ ደም መጀመሪያ ጉበት ውስጥ ገብቶ መጣራት አለበት። የእሱ ግን ሲወለድ አብሮት የመጣ ትርፍ የደም ሥር አለ፤ ደሙን በአቋራጭ ይወስደዋል። ሥጋ ሲበላ፣ ሥጋው ሲፈጭ የሚወጣው መርዝ ሳይጣራ ጭንቅላቱ ላይ ይወጣል።»

ስንት ጉበት በእትዬ ቢላ እጅ አልፏል፤ ምን እንደሚሠራ ግን ጠይቃ አታውቅም ነበር። «እስካሁን የምመርዘው እኔ ነበርኩ በይኛ!» ብላ ሽርጧን ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች።

«ሳያውቁ ነው» አለች ሐኪሟ። «ደግሞ ደስ የሚል ነገር አለ። ጣፊያው አላበጠም፣ ሆዱም ውሃ አልቋጠረም። ጉበቱ ጠጥሮ ደሙ መግቢያ አጥቶ ቢሆን ኖሮ ጣፊያው ያብጥ ነበር። ይህንን ትርፍ የደም ሥር ግን በቀዶ ሕክምና መዝጋት ይቻላል። እስከዚያ የማዝልዎትን መድኃኒት ይስጡት፤ ሩዝና እንቁላል ይብላ፣ ሥጋ ግን እንዳይቀምስ።»

«አብዷል ለሚሉትስ?»

«ቢያብድ ኖሮ በቀናት ውስጥ ይሞት ነበር። እሱ ከዓመት በላይ ሲወድቅ ሲነሳ የኖረ ነው።»

እትዬ ቢላ ፊቷን ጠርጋ ውሻዋን ታቅፋ ወጣች። ከዚያ በኋላ ሥጋ ቤቱ ውስጥ የሩዝ ድስት ተጣደ። ደንበኛው ሁሉ ሳቀባት። ባሏ በተወላት ውሻ ላይ ሥጋ ሰሰተች ተባለ። እሷ እንቁላል ቀቅላ ሩዙ ላይ እየፈረፈረች ታበላዋለች፣ ለሚስቀው ደግሞ አጥንት እያበዛች ትመዝንለታለች። ሰካራሙም ገና ቀዶ ሕክምናው ሳይደረግለት ቀስ በቀስ ቀጥ ብሎ መሄድ ጀመረ።

ወሩ ሊያልቅ ሲል አከራዩ እንደ ልማዳቸው ሥጋ ሊገዙ መጡ። ሰው ተሰልፏል። እትዬ ቢላ መዝና ጠቅልላ ሰጠቻቸው። ውሻው ከበሩ ሥር ተነሥቶ፣ ምንም ሳይንገዳገድ መጥቶ ጫማቸውን አሸተተ።

«እውነትም ድኗል!» አሉ አከራዩ ደስ ብሏቸው። «አንቺ ግን ጨካኝ ነሽ፤ የሥጋ ቤት ውሻ ሩዝ ይበላል?» ጥቅላቸውን ፈትተው አንድ ጉማጅ ወረወሩለት።

ባንኮኒውን እንዴት እንደ ዘለለችው ያየ የለም። ጣቶቿን የውሻው መንጋጋ ውስጥ ከትታ ሥጋውን አወጣች፤ ከሥጋው ጋር የራሷም ደም አብሮ ወጣ። በደማ እጇ ጥቅሉን ከአከራዩ ነጠቀች።

«ለዚህ ውሻ ሥጋ የሚሰጥ ከእኔ ሥጋ አይገዛም!»

«ሱቁ የማን እንደሆነ ረሳሽው?»

«የእርስዎ ነው ጋሼ። ቢላው ግን የኔ ነው፤ የትም ቦታ ይቆርጣል። ያስወጡኝ፣ እሱን ታቅፌ እወጣለሁ። መርዝ ግን እኔ እያየሁ አይበላም፤ ከእኔ እጅ የበላው ይበቃዋል።»

አከራዩ ሰዉን አዩ፣ ደም የሚያንጠባጥበውን ጣቷን አዩ። አንድም የሳቀ የለም። ባዶ እጃቸውን እስከ በሩ ሄዱ፤ እዚያ ትንሽ ቆም አሉና ተመልሰው የሰልፉ ጫፍ ላይ ቆሙ።

እትዬ ቢላ ጣቷን በሽርጡ ጫፍ አሰረች። «ቀጣይ!» አለች።