ኹሽ ማለት ግባ ማለት ነው

ሱዳን፣ ቱነይድባ የስደተኞች ካምፕ ውስጥ፣ ራሽን ከሚታደልበት ሜዳ ማዶ፣ አንዲት ሴት ሻይ የምታፈላበት ዳስ አለ። ከሰዓት በኋላ እዚያ ተቀምጬ አዲስ ለመጡት ዐረብኛ አስተምራለሁ። አስተማሪ እንኳ አይደለሁም፤ ዕድሜዬን ሰሊጥ ሳጭድ የኖርኩ፣ የሱዳኑ ጦርነት ሥራውን ሲያጠፋው ወደ ካምፕ የገባሁ ሰው ነኝ። ደብተርም ጠመኔም የለኝ። አንድ ቃል እላለሁ፣ እነሱ ይደግሙታል፣ ሻያችንን እንጠጣለን። ቋንቋ ምን ይጠቅማል ብለው ሲጠይቁኝ የሚጠበቅብኝን እመልሳለሁ፤ ሥራ ታገኛላችሁ፣ ገበያ ላይ አትታለሉም፣ ሐኪም ፊት እንደ ዲዳ አትቆሙም እላቸዋለሁ። ሁሉም እውነት ነው።

መጀመሪያ የማስተምራቸው ቃል ግን ሰላምታ አይደለም፤ «ኹሽ» ነው። ኹሽ ማለት ግባ ማለት ነው። ሁሌ ይስቃሉ፤ እኛ ዶሮ እሽ ስንል ይመስላላ! አንዱ ቀልደኛ ተነስቶ ክንዱን እንደ ክንፍ ያራግባል፣ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ለምን ከዚህ ቃል እንደምጀምር ጠይቆኝ የሚያውቅ የለም። ቢጠይቁኝም ፊት ለፊት የምናገረው ነገር ስላልሆነ እዚህ ልጻፈው።

ባለቤቴና እኔ ከመተማ ቆላ ወደ ገዳሪፍ የመጣነው ለአንድ የሰሊጥ አጨዳ ብለን ነበር። ልጅ አልሰጠንም፤ ወደ ቤት የሚያስቸኩለን ነገር ስላልነበረ በዚያው ቀረን። እሷ የአንዲት ሱዳናዊት ሃጃ ቤት እየሠራች በአንድ ክረምት በዐረብኛ አፏን ፈታች። እኔ ግን እምቢ አልኩ። «ከሰሊጡ ጋር ምን አወራለሁ?» እላት ነበር። እውነቱን ለመናገር አፍሬ ነው። በአገሬ ሽማግሌ ፊት ቆሜ የምናገር፣ ነገር የማውቅ የምባል ሰው፣ በዚያ ዕድሜዬ እንደ ሕፃን መኮላተፍ ሞት መሰለኝ።

ስለዚህ ምላሴ እሷ ሆነች። ቤት ስንከራይ የምትነጋገር እሷ፣ የመኖሪያ ወረቀት ስናሳድስ የምትነጋገር እሷ። እኔ ከኋላዋ ቆሜ ጉሮሮዬን እጠርጋለሁ።

«እስኪ ሹክራን እንኳ በል» ትለኛለች ስንወጣ።

«አንቺ ብለሽልኝ የለ?»

«‹አፍ ያለው ያግባሽ ወይስ ከብት ያለው› ሲሏት ‹አፍ ያለው› ያለችው ሴትዮ ብልህ ናት። እኔ ሞኟ ሁለቱም የሌለውን አገባሁ!»

ተሳስቀን እንሄዳለን። እንዲህ ነበር የምንኖረው፣ ደህና ነበርን።

አንድ ዓመት፣ ክረምቱ ሲወጣ፣ ወባ ያዛት። ሦስት ቀን ቤት ውስጥ ተንቀጠቀጠች፤ በአራተኛው ቀን ጠዋት ራክሻ ጠርቼ፣ በዚያች ባለ ሦስት እግር መኪና ደግፌያት ሆስፒታል ወሰድኳት። ጥርሷ እየተንገጫገጨ እንኳ ከዘበኛው፣ ከነርሷ፣ ከሐኪሙ ጋር የተነጋገረችው ራሷ ናት። አልጋ ሰጧት። ያኔ እጄን ያዘችና «ጋቢዬን አምጣልኝ፣ በጣም በርዶኛል» አለችኝ። ብዙም አልፈራሁ። ወባ ለእኛ ለቆላ ሰዎች የማናውቀው እንግዳ አይደለም።

ቤታችን ከገበያው ወዲያ ነበር። ጋቢውንና አንድ ጀሪካን ውሃ ይዤ ስመለስ ፀሐይዋ ጠንክራለች። ዘበኛው በሩ ላይ የፕላስቲክ ወንበሩን አስጠግቶ ተቀምጧል፤ ሽማግሌ ነው፣ ከታችኛው ከንፈሩ ሥር ትምባሆ ወትፏል። ፊቱ ቆምኩ። የሆነ ነገር አለኝ፣ አልገባኝም። ጋቢውን አሳየሁት። እጁን ወርወር አደረገና «ኹሽ! ኹሽ ያ ዞል!» አለኝ። ያ ዞል «አንተ ሰው» ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ኹሽን አላውቅም።

ደሜ ፈላ። «እኔ ዶሮ አይደለሁም!» አልኩት በአማርኛ። ግራ ገብቶት አየኝና ድምፁን ከፍ አድርጎ ደገመው። እኔም ጀርባዬን ሰጥቼው መንገዱን ተሻገርኩና ከበሩ ትይዩ ካለው የኒም ዛፍ ሥር ተቀመጥኩ። ጋቢውን ጭኔ ላይ አደረግሁት።

እዚያ ሆኜ በሩን አያለሁ። ጠያቂው ይመጣል፣ ዘበኛው ኹሽ ይለዋል፣ ሰውዬው ይገባል። ሌላው ይመጣል፣ ኹሽ ይለዋል፣ ይገባል። ይኼን ሁሉ በዓይኔ አየሁ። ምን ብዬ ተረጎምኩት መሰላችሁ? «ባለአገር ዘበኛ አይፈራም፤ ቢያባርረውም ጥሶ ይገባል» አልኩ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፣ ከእኔ የባሰ ሞኝ ግን ያን ቀን ገዳሪፍ ውስጥ አልነበረም።

ቆይቶ አንዲት ነጭ ቶብ የለበሰች ነርስ ወደ በሩ ወጣች። ከዘበኛው ጋር ተነጋገሩ፣ እሱ በጣቱ ወደ እኔ አመለከተ። እሷም እጇን አወዛውዛ ያንኑ ቃል ጮክ ብላ አለችኝ። ሁለቱም አብረው ሲያባርሩኝ ታየኝ። ፊቴን አዞርኩባት።

ከቀትር በኋላ አንድ የማውቀው ሰው መጣ፤ የጎንደር እስላም ነው፣ ገዳሪፍ ገበያ ውስጥ የጨርቅ ሱቅ አለው፣ የእሱም ዘመድ ታሞበት ነበር።

«አንተ፣ እዚህ ሐሩር ላይ ምን ትሠራለህ?»

«ባለቤቴ ውስጥ ናት። ያ ሽማግሌ እንደ ዶሮ እሽ እያለ አባረረኝ።»

ነጋዴው ቆሞ አየኝ፣ ወደ ዘበኛው ሄደ፣ ሁለት ቃል ተለዋወጡ። ሲመለስ ፊቱ ልክ አልነበረም። «ተነስ፣ እንግባ» አለኝ፤ ሌላ አልጨመረም።

ስንደርስ ፊቷን ሸፍነውታል። ገና ሙቀቷ አልጠፋም ነበር። ጋቢውን አለበስኳት፤ ሌላ የማደርገው አጣሁ። ያቺ ነርስ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ብዙ ተናገረችኝ። ወደ ነጋዴው ዞር አልኩ። «አላህ ያጽናህ ነው የምትልህ» አለኝ።

ለቅሶው ላይ ለመጣው ሁሉ ያንኑ ነገርኩ፤ ዘበኛው ከለከለኝ፣ ከሚስቴ ሳልሰናበት ለየኝ። ሰዉ ረገመው። እኔም ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ቆሜ ስሙን የማላውቀውን ሰው ረገምኩ። ነጋዴው አንገቱን ደፍቶ ይሰማኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ገዳሪፍ አስጠላችኝና ወደ ቁረይሻ እርሻ ወረድኩ። ሁለት ዓመት እዚያ ሠራሁ። ያለነው የጎንደርና የመተማ ሰዎች ስለሆንን ወሬያችን በአማርኛ ነው፤ ከዐረብኛው የያዝኩት ውሃን፣ ሰሊጥን፣ እንሂድን ነበር። ዓይን እስኪደክም የተዘረጋ ማሳ ላይ በር የለም፣ በር በሌለበት ደግሞ ግባ የሚል የለም።

አንድ ቀን ከሰዓት በአረም ላይ ሳለን ዝናብ ወረደብን። ሰዉ ወደየመጠለያው ሮጠ፣ እኔ ለእርሻው ባለቤት ወኪል የሳር ጎጆ ቀርቤ ነበርና ደጁ ላይ ቆምኩ። ወኪሉ ሱዳናዊ ነው፣ ደግ ሰው። ከውስጥ ሆኖ «ኹሽ! ኹሽ ያ ዞል!» አለኝ። ይኼም? አልኩ በልቤ። ዝናቡ እየደበደበኝ እዚያው ተገተርኩ። ሰውዬው ምን ነካው ብሎ ወጣና ክንዴን ይዞ ጎትቶ አስገባኝ። ውስጥ አንድ የአገሬ ሰው ተቀምጦ ልብሱን ይጨምቃል።

«ኹሽ የሚለኝ ምን ማለቱ ነው?» አልኩት።

«ግባ ነዋ! ሌላ ምን ሊሆን ኖሯል?»

ከዚያ በኋላ ስለዝናቡ ምን እንደተባለ አላውቅም። የማየው ያን በር ነበር። አንድ በአንድ ኹሽ እየተባሉ የገቡት ሰዎች፣ እጇን ያወዛወዘችው ነርስ። አልከለከሉኝም። ግባ፣ ግባ ብለውኛል፣ እነሱ ባሉኝ ቁጥር እኔ ራሴን ከለከልኩ። ወኪሉ የበረደኝ መስሎት ሻይ ሰጠኝ።

በማግስቱ ገዳሪፍ ገባሁና በቀጥታ ወደ ነጋዴው ሱቅ ሄድኩ።

«ታውቅ ነበር» አልኩት።

ስለምን እንደማወራ አልጠየቀኝም። «ምን ብዬ ልንገርህ ወንድሜ? ሚስትህን ልትቀብር ነበር። አንተ ከምትሰበር ዘበኛው ይረገም ብዬ ነው። ወላሂ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም።»

ላዝንበት አልቻልኩም። ሌላ ነገር ነበር የጨነቀኝ፣ ከዚያን ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የነሳኝ። እሷ በር ላይ መቆሜን አውቃ ነበር? ወይስ ጋቢ አምጣልኝ ብላ የላከችኝ ሰው ጥሏት የጠፋ መስሏት ሞተች? ይኼን ስነግረው ነጋዴው «ነርሷ አለች፣ ሄጄ ልጠይቅልህ» አለኝ። አይሆንም አልኩት። ይኼን በሰው አፍ አልጠይቅም። በሰው አፍ መኖሬ ነው እዚህ ያደረሰኝ።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት የእኔ ነገር ነው። ነጋዴው ሱቅ ውስጥ ጣቃ እየተሸከምኩ ዐረብኛ ተማርኩ። ሳቁብኝ። አንዲት ሴት ቀይ ጨርቅ ስትጠይቀኝ ሌላ ነገር ተናግሬ ሱቁ በሙሉ በሳቅ ሞተ፤ ምን እንዳልኩ እስከ ዛሬ አልነገሩኝም። ከዱሮ ቁጣዬ ግን አንዲት ጠብታ አልመጣችም። እንዲህ ቀላል ነበር እንዴ? እያልኩ ነበር የምናደደው። መሳቂያ ሆኖ ወደ ቤት መመለስ ብቻ!

አፌ ትንሽ ሲከፈት ባለቤቴ ትሠራላት የነበረችው ሃጃ ቤት ሄድኩ። ሃጃዋ ስለ እሷ ግማሽ ቀን አወራችልኝ። ለካ ሚስቴ በዐረብኛ ሌላ ሴት ነበረች፤ ሰፈሩን የምታስቅ፣ ሰው የምታስመስል። እኔንም ታስመስለኝ ነበር አሉ፣ ጉሮሮዬን ስጠርግ። ሃጃዋ አሳየችኝ፣ ቁርጥ እኔን! ሳቅሁና አለቀስኩ። ቋንቋ ጥቅም አለው ካልን ይኼ አንዱ ነው፤ ከሞተች በኋላ ሚስቴን ጥቂት ጨመረልኝ።

ዓመት ካለፈኝ በኋላ፣ የምጠይቀውን ያለ ስህተት መናገር ስችል፣ ሆስፒታሉ ሄድኩ። በሩ ላይ ሌላ ዘበኛ ተቀምጧል። ሽማግሌው አርጅቶ ወደ ቀዬው ሄዷል አለኝ፤ ይቅርታ የምጠይቀውን ሰው እንዲሁ አጣሁት። ይኼኛውም ኹሽ አለኝ። ገባሁ።

ነርሷን አገኘኋት። ወዲያው አላወቀችኝም። የኒም ዛፉን ስነግራት እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«አንተ ነህ እንዴ? ያ ጋቢ የያዝከው?»

«እኔ ነኝ ሲስተር። አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት። ባለቤቴ ውጭ መሆኔን አውቃ ነበር?»

«አውቃለች እንጂ። የት ሄደ እያለች ስትጠይቀኝ እኮ ነው እኔ ወደ በሩ የወጣሁት። ተመልሼ ነገርኳት፤ ዛፍ ሥር ተቀምጧል፣ ግባ ብንለው እምቢ አለ አልኳት። ያኔ በዚያች ቀን ይኼን ነግሬሃለሁ፣ አብሮህ የነበረው ሰው አልነገረህም?»

ሄጄ ልጠይቅልህ ያለኝ ነጋዴ ይኼንንም ያውቅ ኖሯል። «ምን አለች?» አልኳት።

ነርሷ ፈገግ አለች፤ የምታጽናናኝ መስሏት ነው። «ሳቀች። ‹ሳይገባው ሲቀር ይቆጣል፣ ባሌን አውቀዋለሁ› አለችኝ። ‹ኸሉሁ፣ ቢጂ በራሁ› አለችኝ።»

ተዉት፣ በራሱ ይመጣል ማለቷ ነው። በራሁ ከእኛው «በራሱ» የሚለየው በአንድ ፊደል ነው፤ ዐረብኛ የማያውቅ አማራ እንኳ አይስተውም።

«ከዚያ ጠጋ አለች» አለች ነርሷ፣ በእጇ እያሳየችኝ። «ወደ ግድግዳው በኩል። ወንበር አልነበረንም። ስትመጣ አልጋው ላይ መቀመጫ እንዲኖርህ ቦታ ለቀቀችልህ። እንደዚያው እንደተጠጋች ነው ያረፈችው።»

ዐረብኛዬ የሐበሻ መሆኑን አስታውሳ ይሆናል፣ «ያልኩህ ገባህ ወይ?» አለችኝ።

«ገብቶኛል» አልኳት በዐረብኛ። አንድም ቃል አላመለጠኝም።