የስለት ጃንጥላ

ይታየው በኅዳር ሚካኤል የስለት ዕቃ ሲቀበል ሃያ ዓመቱ ነው። የመጣውን ዕቃ እንጂ ያመጣውን ሰው ፊት ማየት ትቷል።

ሴትዮዋ ወረፋዋን ጠብቃ ደረሰች። ከራቤል በኩል በእግሯ እንደመጣች በአቧራ የነጣው የፕላስቲክ ጫማዋ ይናገራል። ቀሚሷ ትከሻው ላይ በሌላ ጨርቅ ተጥፏል። ያቀፈችውን አዲስ ጃንጥላ ግን አቧራ እንዳይነካው በላስቲክ ጠቅልላዋለች።

ይታየው ተቀበላትና እንደ ልማዱ በድምፅ ማጉያው ተናገረ። «ስለታቸው ደርሶላቸው ጃንጥላ ያመጡ እናት አሉ! እልል በሉ!»

ሕዝቡ በእልልታ አቀለጠው። ሴትዮዋ ብቻ ዝም አለች። ይታየው ቀና ብሎ ያያት ያን ጊዜ ነው። ነጠላዋን አዘቅዝቃለች፤ ከሻሿ ሥር ፀጉሯ ተላጭቷል።

ድምፅ ማጉያውን ዘጋ። «እናቴ፣ የምን ስለት ነበር?»

«የልጄ። ታማብኝ፣ ቢያተርፍልኝ ብዬ።»

«ታዲያስ?»

«በመስቀል ማግስት ቀበርኳት።»

እልልታው አሁንም አልበረደም። ይታየው ጃንጥላውን መልሶ አቀረበላት።

«ስለቱ መቼ ደረሰልዎ፣ እናቴ? ይዘውት ይመለሱ።»

ሴትዮዋ እጇን አልዘረጋችም። ላስቲኩን ብቻ ከላዩ ገፍፋ፣ በጥንቃቄ አጣጥፋ ጉያዋ ከተተችው።

«ተው እንጂ፣ የኔ ጌታ» አለችው። «ልጄ አሁን እግዜር ጋ ናት። ልጄ ወዳለችበት ቤት ባዶ እጄን እመጣለሁ?»