በፎይል የተሸፈነው ቀለም

ላብራቶሪው ውስጥ «ቀይ ጣት» ይሏታል። ጓንት አደረገችም አላደረገችም ጣቶቿ ከቀለም ነጽተው አያውቁም። ዕድሜዋን የፈጀችው መስታወት ላይ ተቀብቶ የፀሐይን ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጥ ቀለም ስትቀምም ነው። ሠራችውም። ምን ዋጋ አለው፣ በሳምንቱ ብርሃኑ ራሱ በላውና ገረጣ። የተረፈውን ጠርሙስ ከሚጣለው ዕቃ ጋር አስቀመጠችው።

ያንን ጠርሙስ ያነሳችው ከኮሪደሩ ማዶ ባክቴሪያ የምታሳድገው ታናሽ እህቷ ናት።

«እትዬ፣ ይቺን ልሞክራት?»

«ምን ቸገረኝ፣ ውሰጂያት» አለቻት ቀና እንኳ ሳትል።

ቀለሙ ያረፈበት ባክቴሪያ ድምጥማጡ ጠፋ። ከዚያ ወዲያ ወሬው ሁሉ ስለ ታናሽየዋ ሆነ። የላብራቶሪው ኃላፊ ሻይ ይጋብዛታል። እናታቸው እንኳ ስትደውል መጀመሪያ የምትጠይቀው «የታናሽሽ መድኃኒት እንዴት ሆነ?» ብላ ነው። የታናሽሽ! ቀይ ጣት አንጀቷ አረረ። ቅናት ነው፤ ሌላ ስም አንፈልግለት።

ሥራው ለእንግዶች ሊታይ አንድ ቀን ሲቀረው፣ በበሩ ስታልፍ ታናሽየዋ ቀለሙ የተጨመረባቸውን የባክቴሪያ ሳህኖች ብርሃን በማያስገባ ፎይል ስትጠቀልል አየቻት። «ቀለም ብርሃን አይንካው» ብላ ያስተማረቻት ራሷ ቀይ ጣት ነበረች፤ ስትቀምም ሁልጊዜ ትሸፍናለች። ግን ይሄ ቀለም ያለ ብርሃን አይገድልም። ብርሃን ሲያገኝ ነው አጠገቡ ያለውን ሁሉ፣ ኋላም ራሱን የሚያቃጥለው፤ ሶላሩንም ያበላሸባት ይኸው ነው። የመጀመሪያው ሙከራ የተሳካው ሳህኑ መስኮት ዳር ተረስቶ ስለዋለ ነበር። ቀይ ጣት አፏን ከፈተች፤ መልሳ ገጠመችው። «ደህና እደሪ» ብላት ወጣች። እስኪ ትቅመሰው አለች በልቧ፤ ቤቷ ገብታም ለሽ ብላ ተኛች።

በማግስቱ ፎይሉ ሲገለጥ ባክቴሪያው ሳህኖቹን ሞልቷቸው ተገኘ። እንግዶቹ ተያዩ፤ ኃላፊው ጉሮሮውን ጠረገ። ቀይ ጣት ደስ አላት። እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ደስ አላት።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለች ታናሽየዋ። «እህቴ ብርሃን እንዳላስገባ አስተምራኛለች። በደንብ አልሸፈንኩትም መሰለኝ። ለሚቀጥለው ድርብ አድርጌ እሸፍነዋለሁ።»

ቀይ ጣት መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። «አትሸፍኚው» አለች። «መስኮት ዳር አድርጊው። ብርሃን ካላገኘ አይገድልም።»

የታናሽየዋ ፊት በራ። «ውይ እትዬ፣ አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠኝ ነበር! አሁን ነው የገባሽ?»

«አዎ» ብትል ያልቅ ነበር። ኃላፊው በአድናቆት ያያታል፤ ስንት ዘመን የተመኘችው አስተያየት ነው።

«ትናንት» አለች። «ስትሸፍኚው አይቼሽ ነበር።»

ታናሽየዋ ፎይሉን ቀስ ብላ አጣጥፋ አስቀመጠች። ከዚያ አዳዲስ ሳህኖች አውጥታ መስኮቱ ዳር መደርደር ጀመረች። ቀይ ጣት ልታግዛት እጇን ዘረጋች።

«ተዪው፣ እችላለሁ» አለቻት። እትዬ አላለቻትም።